ያመኑት ጎተራ፦ ሶፍትዌር ከማን እጅ እንደምንቀበል ለምን አንጠይቅም?

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ስንወያይ ወሬያችን ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም የሚያልቀውም «ማን ነው የሚሰልለን?» በሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ቢያንስ ከ2013 ጀምሮ በሰነድ ተመዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ የማይተናነስ ሌላ ጥያቄ ግን ሲነሳ እምብዛም አልሰማም። ሰላዩ በር ሰብሮ ካልገባ በማን እጅ ገባ? ሶፍትዌሩን ማን ሰጠን? እኛስ በምን ዋስትና ተቀበልን?

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬም እዚህ አትላንታ ውስጥ የሊኑክስ ሰርቨሮችን ማስተዳደር ነው። በክላርክስተንና በዲኬተር ወገኖቻችን በሚሰባሰቡባቸው ቦታዎች፣ ከቅዳሴ በኋላም ሆነ በእድር ስብሰባ ላይ፣ ሙያዬን የሚያውቁ ሰዎች «ዊንዶውስን ትተን ሊኑክስ ብንጭን እንድናለን ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አጭሩ መልሴ «የምትጭኑትን ነገር ከየት እንደምታመጡት ካላወቃችሁ አትድኑም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ረጅሙ መልስ ነው። ትችት የሚያርፍበትም በሁለት ወገን ላይ ነው፦ መተማመንን በዝምድና በምንለካው በእኛ፣ እንዲሁም «የእኛ ኮድ ክፍት ነው» በሚል መፈክር በተዘናጋው የሊኑክስ ዓለም ላይ።

በወዳጅ እጅ የመጣ ጠላት

ታሪኩን ከራሳችን ልጀምር። በማርች 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አመራር አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ እንደሚሰራጭ አሳየ። በሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም ብቻ የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊም በኮምፒውተሩ ላይ ይኸው ሶፍትዌር በመገኘቱ በፌብሩዋሪ 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 «ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም» በሚል ምክንያት ክሱን ዘጋው። ስለ ፍርዱ ብዙ ተብሏል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ትልቁ ነገር የክሱ ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ተንኮሉ የተቀመጠበት ሰነድ ለኪዳኔ የደረሰው ከሚያውቀው ሰው በተላለፈ ኢሜይል ነበር።

በዲሴምበር 2013 ደግሞ በኢሳት ባልደረቦች ላይ የተሞከረው መጣ። የሚያውቁትን ሰው ስም ከያዘ የስካይፕ አካውንት ሰነድ የሚመስል ፋይል ተላከላቸው፤ ሲመረመር የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሥራ የሆነ የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። ሲቲዝን ላብ ይህን በፌብሩዋሪ 2014 ይፋ አደረገ። በጁላይ 2015 የሃኪንግ ቲም የራሱ ሰነዶች ተዘርፈው ሲዘረገፉ፣ የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ አንዱ እንደነበረ ታየ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከርዕሳችን ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በዲሴምበር 2017 በወጣው ዘገባ መሠረት፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመራ የነበረውን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች ኢሜይሎች ይላኩ ነበር። ኢሜይሎቹ ቪዲዮ የሚያሳይ ወደሚመስል ገጽ ይወስዳሉ፤ ገጹም «ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ የፍላሽ ማጫወቻህን አፕዴት አድርግ» ይላል። «አፕዴቱ» ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ልብ በሉ! እዚህ ላይ ማጥመጃው ፎቶግራፍ ወይም የፖለቲካ ሰነድ ብቻ አልነበረም። ማጥመጃው ራሱ የደኅንነት ምክር ነበር። ባለሙያ ሁሉ «ሶፍትዌራችሁን አድሱ» ሲል የኖረበትን ቃል ወስደው ወጥመድ አደረጉት።

ሦስቱንም ስናስተያይ አንድ ክር ያያይዛቸዋል። ማንም ግድግዳ አልሰበረም። የተጠቂው የራሱ እጅ በሩን እንዲከፍት ነው የተደረገው፤ ያም የሆነው አንድም በሚታወቅ ሰው ስም፣ አንድም በሚታወቅ ሶፍትዌር ስም ነው። አበው «ያመኑት ፈረስ በደንደስ ይጥላል» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ይህ ሁሉ የዊንዶውስ ጣጣ ነው» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ጥቃቶች የተቃጡት በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ነበር። ይሁን እንጂ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሴፕቴምበር 2020 የዚሁ የፊንስፓይ የሊኑክስና የማክ ቅጂዎች መገኘታቸውን ይፋ አድርጓል። የሠራው ኩባንያ በ2022 ቢከስርም ትምህርቱ አልከሰረም። ገዢ እስካለ ድረስ ለሊኑክስም የሚሠራ አለ። እንግዲያው ጥያቄው «የትኛው ሲስተም?» ሳይሆን «በየትኛው በር?» ነው። የሊኑክስን በር ለማየት ደግሞ ጎተራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጎተራውና ዋሱ

ሊኑክስ በአንድ ኩባንያ ተሠርቶ በካርቶን የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ፣ አስማምቶ፣ ፈትሾ የሚያቀርብ አካል ያስፈልገዋል፤ ይህ ዲስትሪቢዩሽን ይባላል። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ከእነዚህ አንጋፋዎች አንዱ ነው፤ ኡቡንቱም የተወለደው ከእርሱ ነው። ፕሮግራሞቹ ተጠቅልለው የሚቀመጡበት የጋራ ማከማቻ ሪፖዚተሪ ይባላል። እኔ ጎተራ ብዬዋለሁ፤ ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ የምንበላው ከዚያ እየተቀዳ ነውና። በ2023 የወጣው 12ኛው የዴቢያን ዕትም በጎተራው ከ64,000 በላይ ጥቅሎችን ይዟል።

ጎተራው የሚታመነው ለምንድን ነው? ሕንፃው ስላማረ አይደለም። ጥቅሎቹ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ በርካታ ሰርቨሮች ላይ የተገለበጡ ናቸው፤ የእነዚያን ሰርቨሮች ባለቤቶች ማናችንም አናውቃቸውም። የሚታመነው ሰንሰለቱ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል በሒሳብ የሚሰላ የራሱ አሻራ አለው። የአሻራዎቹ ዝርዝር በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡም በዲስትሪቢዩሽኑ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈረማል። የፊርማው ማረጋገጫ ቁልፍ ከሲስተሙ ጋር አብሮ በኮምፒውተራችን ውስጥ ተቀምጧል። በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው አይገጥምም፤ ኮምፒውተሩም አልቀበልም ይላል። ይህ ምርመራ ከ2007 ጀምሮ በዴቢያን ውስጥ የተለመደ አሠራር ሆኗል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። እቁብ የሚቆመው በሰዎች ቅንነት ብቻ አይደለም፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ዋስ መጠየቁን እንደ ስድብ የሚቆጥር እቁብተኛም የለም። ዴቢያንም አዲስ አባል ሲቀበል ቁልፉ በነባር አባላት እንዲፈረምለት ይጠይቃል፤ ነባሩ አባል በተለምዶ ከአዲሱ ሰው ጋር በአካል ተገናኝቶ መታወቂያውን አይቶ ነው የሚፈርመው። ከዚህ የበለጠ የዋስ ሥርዓት ከወዴት ይገኛል?

ፊርማው ለእኛ የተለየ ዋጋ እንዳለው ለማሳየት አንድ ነገር ልጨምር። በማርች 2018 ሲቲዝን ላብ በቱርክ ቴሌኮም መረብ ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች፣ ሰዎች ከትክክለኛው ድረ ገጽ ታዋቂ ፕሮግራሞችን ሲያወርዱ መንገድ ላይ ጠልፈው ስለላ ወደተቀላቀለበት ቅጂ ይመሯቸው እንደነበር ዘግቧል። ሰዎቹ አልተሳሳቱም፤ አድራሻውን በትክክል ጽፈዋል። ጠላቱ የመንገዱ ባለቤት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሳፋሪኮም በኦክቶበር 2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ መንገዱ በሙሉ በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት እጅ ነበር። ያ ድርጅት እንዲህ ያለውን ጠለፋ ፈጽሟል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ መንገዱ የራሳችን ባልሆነበት አገር ፊርማ ቅንጦት ሳይሆን የግድ መሆኑን ነው።

የጎረቤት ጎተራ

ችግሩ የሚጀምረው የምንፈልገው ነገር በዋናው ጎተራ ሳይገኝ ሲቀር፣ ወይም ተገኝቶ አርጅቶ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሰው የከፈተውን ጎተራ በኮምፒውተራችን ላይ እንመዘግባለን። ኡቡንቱ ከ2007 ጀምሮ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ የግል ጎተራ እንዲያቆም የሚያስችል አገልግሎት አለው፤ ፒፒኤ ይባላል። በውስጡ የሚቀመጠውን ነገር ኩባንያው አይመረምርም። ሌሎች ደግሞ «ይህን አንድ መስመር ገልብጠህ ተርሚናል ላይ ለጥፍ» ይላሉ፤ መስመሩም ከኢንተርኔት ስክሪፕት አውርዶ ያለ ምንም ንባብ በበላይ ሥልጣን ያስኬደዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የጎረቤት ጎተራ መመዝገብ ከጎረቤት አንድ ቁና ጤፍ መበደር አይደለም። የቤት ቁልፍ መስጠት ነው።

አንደኛ፣ ሥልጣኑ ሙሉ ነው። ጥቅል ሲጫን በውስጡ ያሉ የመጫኛ ስክሪፕቶች «ሩት» በሚባለው የበላይ ሥልጣን ይሠራሉ። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም የጫንን ይመስለናል፤ ስክሪፕቱ ግን ከፈለገ የይለፍ ቃል መዝገባችንን ማንበብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሥልጣኑ ዘላቂ ነው። ዛሬ የመረመርነው ጥቅል ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ነገ ግን ያው ጎተራ «አዲስ ዕትም» ብሎ የሚልከው ሁሉ በዕለታዊው አፕዴት ሰተት ብሎ ይገባል። ጎተራውን ያቆመው ሰው ቢደክመው፣ ቢሸጠው፣ ቁልፉን ቢሰረቅ የሚነግረን የለም።

ሦስተኛ፣ ወሰን የለውም። ያ ጎተራ ከዋናው ጥቅል ጋር አንድ ስም ያለው፣ የዕትም ቁጥሩ ግን ከፍ ያለ ጥቅል ቢያቀርብ፣ ሲስተሙ በልማዱ ከፍተኛውን ቁጥር ይመርጣል። ይባስ ብሎ ለብዙ ዓመታት በተለመደው አሠራር የጎረቤቱ ቁልፍ የሚገባው ለሁሉም ጎተራ ወደሚያገለግል አንድ የቁልፍ ማኅደር ነበር። ለአንዱ ክፍል ብለን የሰጠነው ቁልፍ ቤቱን በሙሉ ይከፍት ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር ዛሬ የተነቀፈ ቢሆንም እርሱን የሚያስተምሩ የቆዩ መመሪያዎች ግን አሁንም እየተገለበጡ ይሰራጫሉ።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀር የተባለውን ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ለማውረድ የሞከሩ አንዳንድ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ከ2020 እስከ 2022 ድረስ ስሙ ወደሚመሳሰል የሐሰት የዴቢያን ጎተራ ይመሩ ነበር። ከዚያ የሚወርደው ጥቅል የመጫኛ ስክሪፕቱ ውስጥ የደበቀው ሌባ የይለፍ ቃሎችን፣ የብራውዘር ታሪክንና የክሪፕቶ ገንዘብ ቦርሳዎችን ይሰበስብ ነበር። ካስፐርስኪ ይህን ይፋ ያደረገው በሴፕቴምበር 2023 ነው። የተለመደው የሊኑክስ ተጠቃሚ ኩራት ያን ሁሉ ጊዜ ማንንም አላዳነም።

በአርች ሊኑክስ የተጠቃሚዎች ጎተራ በጁላይ 2018 የሆነውም ያው ነው። ፒዲኤፍ ማንበቢያ የሆነ አንድ ጥቅል ጠባቂው ትቶት ወላጅ አልባ ሆኖ ነበር። አንድ ያልታወቀ ሰው «እኔ ላሳድገው» ብሎ ተረከበው፤ ወዲያውም ተንኮል ጨመረበት። በጁላይ 2025 በዚያው ጎተራ ታዋቂ ብራውዘሮችን በሚመስሉ ስሞች የተጫኑ፣ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር የያዙ ጥቅሎች ተገኝተው ተወግደዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንዲሉ፣ የሶፍትዌር ጅብም የሚመርጠው የትውልድ ታሪኩን የሚጠይቅ የሌለበትን ሰፈር ነው።

ሦስት መፈክሮች

አሁን ወደ ትችቱ ልግባ። በመካከላችን ሦስት መፈክሮች ሲደጋገሙ እሰማለሁ።

የመጀመሪያው «ከኛ ሰው ነው የመጣው» የሚለው ነው። የዚህን ልማድ ታሪካዊ ምክንያት እረዳለሁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢገባም አማርኛ በኮምፒውተር ለመጻፍ ለብዙ ዓመታት ዋናው መንገድ ከጓደኛ መገልበጥ ነበር። በዲስኬት፣ በሲዲ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። በ2023 ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገደቡም ሰው ቪፒኤን የሚፈልገው ከሚያውቀው ሰው ነበር። ችግር ያስተማረን ልማድ ነው። ሆኖም ችግር ያስተማረው ልማድ ሁሉ ጥበብ አይደለም። ሰጪው ወዳጄ መሆኑ ፋይሉን እርሱ እንዳልሠራው አይለውጠውም፤ ወዳጄ የተቀበለውን ነው የሚያቀብለኝ። ኪዳኔን ያየ ሰው ይህን መድገም አያስፈልገውም። ከዚህም የከፋ ገጽታ አለው፤ «የማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ «እንዴት ይረጋገጣል?» የሚለውን ጥያቄ ቦታ ይወስዳል። የወገን ጥያቄ ለሰላይ ቀላል ነው። ወገን መምሰል ይችላል፤ ፊርማ ማስመሰል ግን ይቸግረዋል።

ሁለተኛው «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚለው ነው። ሊኑክስ ለደኅንነቱ ብዙ መልካም ባሕርይ አለው፤ እኔም ሌላ ምርጫ ቢሰጠኝ አልለውጠውም። የጥንካሬው ዋና ምንጭ ግን የተፈረመው ጎተራ ነው። የጎተራውን ሥርዓት ጥሶ ከየመንገዱ የሚለቅም ሰው ሊኑክስ ጭኛለሁ ቢልም፣ የጫነው ስሙን ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ያየዋል» የሚለው የራሱ የሙያው ዓለም መፈክር ነው። ሊታይ መቻልና መታየት አንድ አይደሉም። ክፍት የሆነው ምንጩ ነው፤ እኛ የምንጭነው ደግሞ አንድ ሰው ከዚያ ምንጭ ሠርቻለሁ ያለውን ጥቅል ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ አሳይቶናል፤ ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ራሱ ተንኮል ሊጨምርበት እንደሚችል አረጋግጧል። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በማርች 2024፣ ኤክስዚ በተባለ በየሊኑክሱ በሚገኝ ትንሽ መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የኋላ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሠርቶ፣ ብቻውን ከደከመው ጠባቂ ሥልጣን የተቀበለ ነበር። የኋላ በሩ ጎልቶ የተቀመጠው ሰው በሚያነበው ምንጭ ውስጥ አልነበረም፤ ለስርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ነበር የሚቀሰቀሰው። ያገኘውም «ሁሉም» አይደለም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ አንድ መሐንዲስ ነው፤ የሰርቨሩ መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ለምን እንዳለ ሊገባው ስላልቻለ መረመረው።

ዋናው ጎተራስ?

አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። «ኤክስዚ የተገኘው በዋናዎቹ ጎተራዎች ውስጥ አይደለምን? እንግዲያው ልዩነቱ ምንድን ነው?» ጥሩ ሙግት ነው፤ ልሽሸው አልፈልግም። በዴቢያን የሙከራ ዘርፎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ2006 የራሱ የዴቢያን ባለሙያ በኦፕን ኤስኤስኤል ላይ ያደረገው ለውጥ የምስጢር ቁልፎችን በቀላሉ እንዲገመቱ አድርጎ፣ ስሕተቱ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። ዋናው ጎተራ የመላእክት ጎተራ አይደለም።

ልዩነቱ ስሕተት አለመኖሩ ላይ ሳይሆን ስሕተቱ ሲታወቅ የሚሆነው ላይ ነው። ሁለቱም ጊዜ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ መዝገብ ነበር። ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ አካል ነበር። ኤክስዚ ደግሞ ወደ ዴቢያን የተረጋጋ ዕትም ሳይደርስ የተያዘው አዲስ ነገር ቀድሞ በሙከራ ዘርፍ እንዲቆይ የሚያስገድድ ሥርዓት ስላለ ጭምር ነው። አንድ ሰው ያቆመው የግል ጎተራ ግን ተጠያቂ አካልም፣ የማቆያ ጊዜም ላይኖረው ይችላል። ሲጠፋ በዝምታ ይጠፋል።

ወደ ሌላኛው ጽንፍ መውደቅም አለ። «አፕዴት ወጥመድ ከሆነ ምንም ባናድስ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ለእነርሱ መልሱ እዚሁ አትላንታ ፒችትሪ ጎዳና ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ኢኩዊፋክስ ነው። ኩባንያው ይጠቀምበት በነበረው አፓቺ ስትራትስ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ በማርች 2017 መጠገኛው በይፋ ወጣ። ኩባንያው ሳይጠግን ቆየ፤ ከሜይ ጀምሮ ሌቦች ገብተው ወደ 147 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎችን የግል መረጃ ወሰዱ። ከትክክለኛው እጅ የመጣውን መድኃኒት አለመውሰድ ከሐሰተኛ ሐኪም መርዝ ከመቀበል የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ ምክሬ «አታድሱ» የሚል ሳይሆን «ከማን እንደምታድሱ እወቁ» የሚል ነው።

ሁሉንም የጎረቤት ጎተራ መዝጋትም አይቻልም። ብዙዎቻችን ለምስጢር ወሬ የምንመርጠው ሲግናል ራሱ ለዴቢያንና ለኡቡንቱ የሚሰራጨው በራሱ በድርጅቱ ጎተራ በኩል ነው። ክሮም ብራውዘርን የጫነ ሰውም፣ ልብ ቢልም ባይልም፣ የጉግል ጎተራ አብሮ ተመዝግቦለታል። መስጠት ያለብንን እምነት እንስጥ፤ ነገር ግን እያወቅን፣ በልክና በመዝገብ ይሁን።

ምን እናድርግ?

የእቁብን ሥርዓት ብንከተል አብዛኛው ይቀላል።

የምትፈልጉትን ነገር አስቀድማችሁ በዋናው ጎተራ ፈልጉ። ለአማርኛ ተብሎ ከየስርቻው የሚወርደው አብዛኛው ነገር እዚያው አለ፤ አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንት በዴቢያን ጎተራ ውስጥ ተፈርሞ ተቀምጧል፤ አማርኛ መጻፊያ የኪቦርድ ስልትም እንዲሁ።

የጎረቤት ጎተራ የግድ ካስፈለገ ቁልፉ ለዚያ ጎተራ ብቻ እንዲያገለግል አድርጋችሁ አስሩት። ዛሬ ዴቢያንና ኡቡንቱ ይህን በአንድ መስመር ይፈቅዳሉ። የቁልፉን አሻራ ደግሞ ቁልፉን ካገኛችሁበት መንገድ በተለየ መንገድ አመሳክሩ፤ ሌባ ራሱ ለራሱ ዋስ ሆኖ አይጠራም። ከዚያ ጎተራ የሚፈለገው አንድ ጥቅል ብቻ ከሆነም፣ ሌላውን ሁሉ እንዳያመጣ ቅድሚያውን በማስተካከል መከልከል ይቻላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ የጎተራዎቻችሁን ዝርዝር አውጥታችሁ አንብቡ። ለምን እንደገባ ማስታወስ የማትችሉት ጎተራ ካለ አስወግዱት። እቁብ ሲያልቅ መዝገቡ ይዘጋል፤ የሰጠነው ቁልፍ ግን እኛ ካልሰበሰብነው ማንም አይመልስልንም።

ለማኅበራት፣ ለድረ ገጾችና ለብዙኃን መገናኛዎች ደግሞ ተጨማሪ አለኝ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት «ኮምፒውተር ያውቃል» ተብሎ ሁሉንም ቁልፍ ብቻውን መያዙ ለእርሱም ለድርጅቱም ጉዳት ነው። የኤክስዚ ጠባቂ የወደቀበት ሸክም ይኸው ነው። የቤተ ክርስቲያን የምጽዋት ሣጥን ምስክር ባለበት እንዲከፈት የሚፈለገው ካህኑ ስለተጠረጠሩ አይደለም፤ እንዳይጠረጠሩ ነው። አዲስ ጎተራ በሰርቨር ላይ ሲመዘገብም ሁለተኛ ሰው አይቶ ይፈርም።

በመጨረሻም ለሙያ ባልደረቦቼ። በጎርፍ የሚሰራጭ «የአማርኛ ኪቦርድ» ዚፕ ፋይል ከምናባዛ፣ የሠራነውን ፎንት፣ መዝገበ ቃላትና የፊደል ማረሚያ በምንጩ ከፍተን ወደ ዋናዎቹ ጎተራዎች እናስገባ። ሥርዓቱ አድካሚ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ግምገማ አለው፣ ወራት ይፈጃል። የሚታመነውም በዚያ ድካም ምክንያት ነው። አሥር ጊዜ ስለ ስለላ መግለጫ ከማውጣት አንድ ጥቅል በትክክለኛው ጎተራ ማስቀመጥ ለወገን ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው የቴክኒክ ንጽሕና ስለሚያስጨንቀኝ አይደለም። እኛ በአትላንታ፣ በዋሽንግተን ወይም በብራስልስ ተቀምጠን ኮምፒውተራችን ቢጠለፍ ኀፍረትና ወጪ ነው፤ ቢከፋ ክስ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ግን አገር ቤት ያለ የአንድ መምህር፣ የአንዲት ነርስ፣ የአንድ ዘጋቢ ስልክ ቁጥር አለ። በ2013 እና በ2017 የታየው ስለላ ዓላማው የእኛን ፎቶግራፍ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም፤ ከማን ጋር እንደምንነጋገር ማወቅም ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የሚሰለሉት ሰዎች ስም ይለወጥ ይሆናል፤ ገበያውና በሩ ግን እዚያው ናቸው። በግዴለሽነት የሰጠነውን ቁልፍ ዋጋ የሚከፍለው፣ ስለ ጎተራም ሆነ ስለ ፊርማ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው እኛን ሲያምን ዋስ አልጠራም። ዋሱ እኛው መሆን አለብን።

ቸር ይግጠመን።

አትላንታ፣ ጆርጂያ